ሐይቅ በአንድ ሰዓት አይታይም

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ጊዜ ካለው ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ከከተማው ጋር አንድ ስም ያለው ሐይቅ ዳር ይወርድና ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ሰዓት ሳይሞላ ጉዞውን ይቀጥላል። እኛ የአካባቢው ነዋሪዎች እንግዳ ሲመጣብን ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲያድር የምንለምነው በደግነት ብቻ አይደለም፤ ማለዳ ረግቶ የሚታየው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ፈጽሞ ሌላ ስለሚመስል ነው።

ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚተርፈው ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይገባበታል፤ የገባው ውኃ ግን በአብዛኛው የሚቀንሰው ፀሐይ ሲያተነው ነው። በመሆኑም የክረምት ጎርፍ ከተዳፋቱ ማሳ ጠርጎ የሚያወርደው አፈር፣ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ሽርሽር የመጣው ሰው የሚጥለው የውኃ ላስቲክ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ባዶ ጠርሙሱን ወደ ውኃው ወርውሮ «ይሄዳል» የሚል እንግዳ ሳይ የምቆጣው ለዚህ ነው፤ ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ የምንበላው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የተለቀቀ ነው። ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጅራቱ እስኪደርቅ በዘይት ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ግን የት መጣነቱን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከገበታው ዙሪያ ጠፍቶ አያውቅም።

ቀድሞ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን በእግር በሚደረስበት የምድር ምላስ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተዳደሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ቦታ ከአፄ ይኩኖ አምላክ መነሣት ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ይህን ሳይሰሙ ከሩቅ መጥተው በር ላይ የሚያዝኑ እኅቶች ስለሚያጋጥሙኝ አስቀድሜ መናገር እመርጣለሁ።

አንድ ቀን መጨመር የሚችል ሰው ወደ አርዲቦ ይውጣ። የመዝናኛ ግርግር እንደ ሐይቅ አይበዛበትም፤ መንገዱ በክረምት ስለሚጨቀይ ከመስከረም በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ምሳና የሚጠጣ ውኃም ከከተማው ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፣ ባዶውን ላስቲክ መልሶ ማውረድን ጨምሮ።