ድስቱን ያዢው እማዬ

በመጀመሪያ ልናዘዝ። በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች ኒሳን 350ዜድ አለችኝ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከኋላ አንድ ሻንጣ በልመና የሚገባባት መኪና ናት። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ዲሲ መሀል ከተማ፣ ፓርኪንግ ውስጥ። አዎ፣ እንደ ግማሹ አበሻ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና በጥንቃቄ ሳቆም እውላለሁ፤ ማታ የራሴን ሳወጣ ግን ሆዷ መወጣጫው ላይ እየተፋቀ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ዝቅ አድርጌያታለኋ። ኮይሎቨር፣ ማለትም ከፍታው የሚስተካከል ሞላ፣ አስገብቼ አወረድኳት፤ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ከሥሯ መተኛት ትታለች።

ዝቅ ካለች በኋላ ደግሞ ቸርኬዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ታዩኝ። ይሄ በሽታ የያዘው ሰው ያውቀዋል። ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እኩል ካልሆነ ምግብ አይበላልህም። ሌላው ሰው መኪና ሲያይ መኪና ያያል፣ አንተ ክፍተት ነው የምታየው።

ሰፊ ቸርኬ ፍለጋ ገባሁ። የፋብሪካው ስፋቱ 8 ኢንች ነው፤ ኦፍሴቱ ፊት 30፣ ኋላ 33። ያገኘሁት ፊት 9.5፣ ኋላ 10.5 ኢንች፣ የአራቱም ኦፍሴት 15። ያገለገለ ነው። ሻጩ ልጅ «ሰተት ብሎ ነው የሚገባው» አለኝ። አልዋሸም። የዳዶው ቀዳዳ አምስት፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 114.3 ሚሊሜትር፣ ሰተት ብሎ ገባ። የዋሸኝ የራሴ ሒሳብ ነው።

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሀል ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። እኔም በጣቴ ቆጠርኩ። 33 ሲቀነስ 15፣ 18 ሚሊሜትር። ሁለት ሴንቲ እንኳን አይሞላም! ምን አላት? ስፋቱን ረስቼዋለሁ። ከ8 ወደ 10.5 ኢንች ሲኬድ የሚጨምረው 63 ሚሊሜትር ተኩል ነው፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ይሄዳል። እና እኔ 18 ያልኩት ነገር 50 ነበር። አምስት ሴንቲ ሜትር! ልጅ ሆኜ በሒሳብ ጎበዝ እንደነበርኩ እናቴ እስከ ዛሬ ለሰው ታወራለች።

እናቴ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ከርማለች። አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ከነጎማቸው ሳሎን ጥግ ሁለት ሁለት አድርጌ ስደረድራቸው አየች፣ ዝም አለች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አንደኛው ቁልል ላይ ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ ረከቦቷን አስቀምጣለች። «ቁመቱ ለጉልበቴ ተስማማኝ» አለች። ጥሩ ነው፣ ለአንድ ነገር ጠቀመ ብዬ ተውኩት።

አዲሱን ቸርኬ ጎማ ያለበሰልኝ ጎሚስታ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። የኋላው ቸርኬ ወርዱ 267 ሚሊሜትር ነው፣ ያመጣሁለት ጎማ 245። ጎማው እንዲጠብና ከፓራፋንጎው በታች እንዲያልፍ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ አለበሰው። ደግ አይደለም፤ ጎማው ውስጥ ስለሚቀር የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጋጨው ቸርኬው ነው። በሰዓቱ ተፋቀ። አራት ዓመት የሰው መኪና ሳልጭር ኖሬ የራሴን በመጀመሪያው ቀን።

ዓርብ ሥራ ይዣት ሄድኩ። እዚያ አንድ ሼባ አብሮን ይሠራል። ድሮ አዲስ አበባ ላዳ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ካምበር ይሉታል፣ እኔ እሱን እንዲያደንቅልኝ እየጠበቅኩ ነው። ከኋላዋ ቆመ። ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ሸፋፋ ናት።»

«ጋሼ፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዚህ የሚደረገው።»

«ሆን ብሎ የሚሸፍፍ አይቼ አላውቅም። ጫማ ትጨርስብሃለች፣ በውስጥ በኩል።»

እውነቱን ነው፣ ጎማ በውስጥ በኩል ነው የሚያልቀው። ግን ማን ይሰማል።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ፓራፋንጎ ልናጥፍ ተነሳን። የፓራፋንጎው ጠርዝ ከውስጥ በኩል እንደ ምላጭ የቆመ ከንፈር አለው፤ ጎማ የሚበላው እሱ ነው። ቀለሙን አሙቆ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መጫን ነው። ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ፣ ኪራዩም ውድ አይደለም። እኛ ግን ምን ነበረን? የጓደኛዬ ሚስት ፀጉር ማድረቂያና የቤዝቦል ዱላ። ዱላውን በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ትሰካለህ፣ አንዱ መኪናውን ወደፊት ወደኋላ ይገፋል፣ ዱላው እየተሽከረከረ ከንፈሩን ይጫናል። ግራውን ጨረስን። ቀለሙ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰነጠቀ እንጂ ታጠፈ። ወደ ቀኙ ዞረን ዱላውን ስንሰካ እማዬ ከሰገነቱ ብቅ አለች።

«አንተ! ምን አጥፍታ ነው?»

«ማን?»

«መኪናዋ ናታ! በዱላ የምትሏት! ተው፣ ነውር ነው፣ ሰው ያያል!»

ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰማችም። ጓደኛዬም ትልቅ ሰው ተቆጣ ብሎ ፀጉር ማድረቂያውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ። ቀኙ ሳይታጠፍ ቀረ። ይሄን ያዙልኝ።

እሑድ የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበር። ሰማንያ ቀኗ። እማዬ ዶሮ ወጥ ሠርታለች፣ አሥራ ሁለቱም ብልት በሥርዓቱ፣ ከነእንቁላሉ። ድስቱ ከኋላ እንዳይቀመጥ ይጋደማል፣ ስለዚህ በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገችው። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ያወጣችውን ድምፅ አልረሳውም። «ወንበሩ የት አለ? መሬት ነው እንዴ የተቀመጥኩት?»

ከግቢው ስንወጣ መሪውን አጠፍኩ። ግርርር።

«ምንድነው?»

«መንገዱ ነው እማዬ። ድስቱን ያዢው።»

ፊቱ ነው፣ የውስጡን ፕላስቲክ እየነካ። እሱን ለምጄዋለሁ። 395 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰላም። ከዚያ አንድ ድልድይ መጋጠሚያ ላይ ዘለለችና ስትወርድ፣ ሽርርርክ። ከቀኝ ኋላ። ሁለተኛው ላይ ደግማ ሽርርርክ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ።

እማዬ አፍንጫዋን ነፋች። ፎጣውን ገለጥ አደረገች። ክዳኑን ከፍታ አየች። «ምነው ወጡ አረረ?»

ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ያለፈው ወጥ ጭን ላይ ሆኖ አያርርም። እኔ አውቄያለሁ። ግን ምን ልበል? «እንጃ» አልኩ። እንጃ! በሕይወቴ እንዲህ ያፈርኩበት ቃል የለም፣ ምክንያቱም እማዬ ሙያዋ ተነክቶ እስከ መውጫው ድረስ «አላረረም፣ ቁሌቱን እኔው ነኝ ያበሰልኩት» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። ጭሱ በመስኮት ሲታያት ነው ዝም ያለችው።

አንድ ማደያ ገብቼ አቆምኩ። የቀኝ ኋላ ጎማ በትከሻው በኩል ዙሪያውን ተፍቋል። የጎማው ክር ፓራፋንጎው ውስጥ ተንጠልጥሏል፣ ጥቁር የተከተፈ ጎመን በሉት። አንዱ ቦታ ላይ ሽቦው ሊታይ ትንሽ ቀርቶታል። በዚህ ፍጥነት መንገድ ላይ ቢፈነዳ ኖሮ አሁን ይሄን እየሳቅኩ አልጽፍም ነበር።

እማዬ ድስቱን እንዳቀፈች ወረደች። በእሷ በኩል ያለውን አየች። ዞራ በእኔ በኩል ያለውን አየች። ተመልሳ የራሷን አየች።

«ያንተው ደህና ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«የተበላው በእኔ በኩል ነው።»

ዝም አልኩ።

«ወፍረሻል ነው የምትለኝ?»

«ኧረ በፍጹም! ድስቱ ነው።»

«ድስቱ ስንት ኪሎ ሆኖ?»

አሁን ትክክለኛው መልስ «የግራውን ከንፈር አጥፈነዋል፣ ቀኙን ስንጀምር አንቺ አስቆምሽን» የሚል ነው። እናት ያለው ሰው ይሄ መልስ እንደማይመለስ ያውቃል። ወፍረሻል ማለቱ ይሻላል፣ እሱም አይሻልም።

አጎቴ በቫኑ መጣ። እማዬ ከነድስቷ ገባች፤ እኔን መኪናዬ ጋ ትተውኝ ሄዱ። በቀስታ፣ መብራት እያበራሁ፣ ሰው ሁሉ ጥሩንባ እየነፋብኝ ቤት ገባሁ። በታክሲ ክርስትናው ላይ ስደርስ ወጡ አልቋል። እንቁላል እንኳን አልተረፈልኝም። ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሷል። «ሸፋፋው መጣ» አለ አንዱ የማላውቀው ሰው። ሼባውን የት እንዳገኘው እስካሁን አልገባኝም።

ሰኞ ዕረፍቴ ነው። ውጭ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የተበላውን ጎማ ከነቸርኬው ፈታሁና አሮጌውን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ሳሎን ጭስ በጭስ ሆኗል። ዕጣን ነው ደግነቱ። ሦስት እናቶች ተቀምጠዋል፣ ቄጠማ ባይኖርም ፈንዲሻው ተበትኗል፣ ረከቦቱ ከነሲኒዎቹ ቸርኬዬ ላይ ነው።

የሌላኛውን ቁልል ላነሳ ሄድኩ። እሱ የፊቱ ነው። የኋላው ቡና የተፈላበት ነው።

«እማዬ፣ እሱን ፈልጌው ነበር።»

«የቱን?»

«ከሥር ያለውን።»

«ገና አቦል ነው።»

«መኪናዋን በክሪክ አቁሜያት ነው የመጣሁት...»

«በረካ ሳይጠጣ ረከቦት አይነሳም። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። እጄ ግሪስ በግሪስ ነው፣ ሲኒውን በጣቴ ጫፍ ያዝኩት። ቶናው ሲቀዳ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት እናት ወደ ውጭ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ያቺ በሦስት እግሯ የቆመችው መኪና የማን ናት?»

እማዬ ፈንዲሻውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች።

«እኔ እንጃ» አለች።