አሮጌውን ኮምፒውተር ከዛሬው ኢንተርኔት ጋር ማገናኘት

ብዙ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ከዛሬው ኢንተርኔት ጋር የማይግባባው ዘመኑ ጨርሶ ስላለፈበት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ) አራተኛ ስሪት በይፋ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1981፣ የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ለገበያ በቀረበበት ዓመት ነው። የእኔው የእሱ ታናሽ የሆነው ኤክስቲ ሲሆን፣ ባለ 4.77 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩና 640 ኪሎባይት ሚሞሪው ተገቢው ሶፍትዌር ከተጫነለት ይህን ፕሮቶኮል ለማስተናገድ አያንሱም።

ሰሞኑን ያገናኘሁት በሴሪያል ወደቡ በኩል ነው። መሐል የገባችው ኢኤስፒ8266 የምትባል ትንሽ የዋይፋይ ቺፕ ናት። ወደቡ እስከ 12 ቮልት ሲልክ እሷ የምትሠራው በ3.3 ቮልት በመሆኑ፣ ሁለቱን የሚያስማማ ሌላ ቺፕ የግድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ትቃጠላለች። የተጫነባት ፕሮግራም የጥንቱን የሄይስ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ) ትእዛዞች ስለሚያውቅ፣ ኤቲዲቲ የሚለውን የመደወያ ትእዛዝ ሰጥቼ በስልክ ቁጥር ፈንታ የሰርቨር አድራሻ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ስልክ የደወለ መስሎት ይጠብቃል፤ እሷም በዋይፋይ ግንኙነቱን ከፍታ «ኮኔክት» ብላ ትመልስለታለች። በሴኮንድ 2400 ቢት ፍጥነት አንድ ስክሪን ሙሉ ጽሑፍ ስምንት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ አረንጓዴዎቹ ፊደሎች እየተከታተሉ ሲሰለፉ ማየት እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

የሚከብደው ከዚህ በላይ ያለው ነው። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ዛሬ መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ በሚጠብቀው በቲኤልኤስ ምስጠራ ካልሆነ አይከፈቱም፣ የቲኤልኤስ የቀድሞ ስሪቶች 1.0 እና 1.1 እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተሽረዋል። ይህ ጥበቃ ተገቢ ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ሲባል ይላላ የምል ሰው አይደለሁም። የገጾቹ ክብደት ግን ያሳዝነኛል፤ ሁለት ሚሊዮን ባይት የሚመዝን ገጽ በዚህ ፍጥነት ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሚሞሪው ውስጥም አይገባም።

በመሐል ፕሮክሲ (ገጾቹን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሌላ ኮምፒውተር) አቁሞ ምስጠራውን እንዲፈታና ምስሎቹን እንዲያሳንስ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ዋናውን ሥራ ዘመናዊው ኮምፒውተር እየሠራው አሮጌው ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቴልኔትና ጎፈር የተባሉት የቆዩ የኢንተርኔት መገናኛ ዘዴዎች ግን በአብዛኛው ጽሑፍ ስለሚያመላልሱ ኤክስቲው በራሱ አቅም ይሠራባቸዋል። ሁለቱም ምስጠራ ስለሌላቸው ሌላ ቦታ የምጠቀምበትን የይለፍ ቃል በእነርሱ አልልክም፣ ማሽኑንም ከቤቱ ሌሎች ኮምፒውተሮች በተለየ ኔትወርክ ላይ አድርጌዋለሁ።

ቀጥሎ የማስገባለት የኤተርኔት ካርድ (በገመድ ከኔትወርክ የሚያገናኝ) ነው። ኤክስቲ ሲሠራ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት ስላልተገጠመለት በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ይጠይቀኛል፤ ካርዱ ሲገባ ግን ቀኑንም ሰዓቱንም ከኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር ራሱ እንዲወስድ አደርጋለሁ።