ከሐዋሳ አዳማ በአሮጌ ዲቲ

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ሊብሬዋ የተሠራችበትን ዘመን እ.ኤ.አ. 1984 ይለዋል። ሻጩ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ሲያስወግዳት ገዝተው እስካሁን ሲነዷት ኖረዋል። «ልጄ፣ ይቺ ሞተር ያልረገጠችው ቀበሌ የለም» አሉኝ። ኮርቻዋን አይቼ አመንኳቸው።

ሐዋሳ የሄድኩት ልገዛትና ነድቻት አዳማ ልመለስ ነው። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከርንም። ውልና ማስረጃም በሰላም አለቀ። ፈተናው የመጣው ቴክኒክ ምርመራው ላይ ነው። መብራት፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ ሁሉም ሠሩ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ መሪዋ የሚዞርበትን የሻንሲ አንገት አየና ቀና አለ።

«ቁጥሩ የታለ?»

ቁጥሩማ አለ። ግን በላዩ ላይ የስንት ዓመት ግራሶና አቧራ ተጋግሮበታል። መርማሪው ልክ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ ካልተነበበ ሊብሬው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በር ላይ ካለው ጋራዥ አንድ ልጅ ተጠራ። እኔ ብርጭቆ ወረቀት ላቀብለው ስል እጄን ያዘኝ። «ኧረ ተው ጋሼ! ቁጥሩን ይበላዋል። ከዚያ ተፍቆ ነው ይሉሃል።» ቤንዚን በነከረ ጨርቅ ደጋግሞ አራሰው፣ በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያለ ፈተገው። ብረቱ ሲገለጥ ጠመኔ አሸበትና ላዩን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ቀረ። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ተነበበ። መርማሪው በጣቱ እየጠቆመ አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፣ ፈረመ። ልጁ ግማሹን ጠመኔ መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ።

ወረፋ ላይ ሆኜ የፈረንጆቹን ሥርዓት ሳስብ ነበር። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ ይዘቱ እንደ ጥንቱ ከሆነ በባለሙያ ታይቶ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ታርጋ ይሰጠዋል። ታርጋው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። የሞተር ሳይክል ግብሩም በዓመት 46 ዩሮ ገደማ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 40 ዓመት ሲሞላ፣ መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት፣ ባለቤቱ አመልክቶ ከመንገድ ግብርም ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ይሆናል። ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። የጥንታዊ ተሽከርካሪ ማኅበራትን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በትርጓሜው ላይ ተሽከርካሪው የዕለት ተዕለት መጓጓዣ መሆን የለበትም ይላል። በዚህ ሚዛን የኛ ዲቲ ወደቀች። ሥራ ፈትታ አታውቅማ! እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዚህ ዕድሜ ያበቃት ግን ይኸው ሥራ ነው። በየሳምንቱ የምትሠራ ሞተር ካርቡራተሯ አይደፈንም፣ ጎማዋ ቆሞ አይሰነጠቅም፣ ችግሯም ሳይከፋ ይታያል።

ታርጋዋን በተመለከተ ታሪካዊነቷን የሚከራከር የለም። የደቡብ ክልል ታርጋ ናት። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፣ በ2023 ደግሞ የደቡብ ክልል ራሱ ፈረሰ። ክልሉ ቢፈርስም ታርጋው አለ። ፋይሏ አዳማ እስኪዛወር በዚሁ ነው የምሄደው።

በማግስቱ በማለዳ በጥቁር ውሃ በኩል ወጣሁ። ሻሸመኔ ላይ በባጃጅና በጋሪ መሀል እየተጎተትኩ ሳለ ሞተሯ ጠፋች። በእግሬ ብመታት፣ ብመታት፣ ወይ ፍንክች! ዲቲ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የምታቃጥለው። ቀስ ተብሎ ሲነዳ ያልነደደው ዘይት ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ያጠቁረዋል። ፈትቼ ሳየው እርጥብና ከሰል የመሰለ ነበር። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት (እዚህ ላይ ማንም አልከለከለኝም)፣ መልሼ ገጠምኩ። በአንድ ምት ተነሳች። ከበውኝ ሲመክሩ የነበሩት ሰዎች ጭሱን ሲያዩ ተበታተኑ።

የአርሲ ነገሌን ዳገት ጥርሷን ነክሳ ወጣችው። ነገሌ ስሟ የሚነሳው በአረቄዋ ነው። ለሚነዳ ሰው ግን ሻይ ይበቃዋል። ከነገሌ በኋላ ወደ ላንጋኖ ቁልቁለቱ አለ፤ ሻጩ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝም እዚህ ነው። «ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግተህ ማርሽ እያስያዝክ አትልቀቃት፣ ትደርቅብሃለች።» እውነት ነው። ነዳጅ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን በጎማው ግፊት እየተሽከረከረ ነው። ስለዚህ በየመሀሉ ፍሪሲዮን እየያዝኩ ትንሽ ነዳጅ ሰጥ አደርጋት ነበር። በስተቀኝ የላንጋኖ ቡናማ ውሃ ይታያል፤ እኔ ግን ጆሮዬ ሞተሯ ላይ ነው።

ባቱ፣ የጥንቷ ዝዋይ፣ ዓሣ በላሁና የዘይት ጋኗን ሞላሁ። ለሁለት ምት ሞተር የሚሆነው ዘይት በየማደያው አይገኝም፣ ይዛችሁ ውጡ። መቂንና ቆቃን በቲማቲምና በሽንኩርት ሻጮች መሀል አልፌ ሞጆ ደረስኩ። ሞጆ ላይ ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና አያስቀርብም፤ ጥጌን ይዤ ተጓዝኩ። አዳማ ስቃረብ ነፋሱ ጀመረ። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ያለ ነገር እዚያ አልተተከሉም፤ ቀላል ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ሰፈር እንደደረስኩ መካኒኬ ዞሮ ዞሮ አያት። የኋላ ጎማዋን ኩሽኔታ ቀይር አለኝ፤ ተስማማሁ። ቀጥሎ ግን ታንከሯ ላይ እጁን አሳርፎ «ቀይ ብንቀባት እኮ ሙሽራ ትሆናለች» አለ።

«ሊብሬው ላይ ነጭ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ቀለሙን ታስቀይረዋለህ።»

የጠመኔውን ወረፋ አስታወስኩና እምቢ አልኩት። አሁንም ባየኝ ቁጥር የቀይ ቀለም ዋጋ ይነግረኛል።