ድንኳኑ እንዳይሻግት፣ እድሩ እንዳይፈርስ

ጅማ ላይ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሰበብ ሞልቷል። የጎረቤት ቡና አለ፣ የሐሙስ ገበያ አለ፣ የመርካቶ ነጋዴዎች እቁብ አለ። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል ቡና በሚለቀምበት ወራት ደቦ ይጠራል። የጽዋ ማኅበሩም ጀመዓውም በየፊናው ይሰበሰባል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ አስተማሪውንና የቀን ሠራተኛውን በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ግን የሰፈር እድር ነው። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ዕቃውን እንዳስገባ "የሰፈሩ የእድር ዳኛ ማን ናቸው?" ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

የመግቢያ ክፍያው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ስሌቱን ለሚያውቅ ግን ፍትሐዊ ነው። 150 አባወራ ያለው እድር ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና የባንክ ተቀማጩ ተደምሮ 600,000 ብር ቢገመት የአንዱ ድርሻ 4,000 ብር ይሆናል። መግቢያው ከዚህ በጣም ሲያንስ ነባሮቹ ቅር ይላቸዋል። በአንድ ጊዜ ይከፈል ሲባል ደግሞ ወጣቱና ተከራዩ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ አባላቱ አብረው ያረጁና ሐዘኑ ሲበዛ ከፋዩ ያንሳል። በስድስት ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል መፍቀድ ይሻላል።

ሲመዘገቡ የቤተሰብ ዝርዝሩን አሟልተው ያስጽፉ፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ የሁለቱም ወገን እናትና አባት፣ ሁሉም ስማቸው እስከ አያት። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ወንድምና እህት የአንድ እድር አባል ሆነው አባታቸው ቢያርፉ ክፍያው ለሁለቱም ነው ወይስ ለአንዳቸው? ደንቡ ይህን አስቀድሞ ካልቆረጠ ውሳኔው ለቅሶ ቤት ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ የከፋ ቦታ የለም።

በዚያው 150 አባወራ ባለው እድር ወርሃዊው መዋጮ 50 ብር ከሆነ በዓመት 90,000 ብር ይገባል። ለአንድ ሐዘን 15,000 ብር የሚከፍል እድር ታዲያ ስድስት ሰው ሲሞት ሣጥኑ ባዶ ነው፤ የድንኳን ጥገናና የጥሩንባ ነፊው አበል ገና አልተነሳም። ክፍያው ሲወሰን መታየት ያለበት ባለፉት አምስት ዓመታት ሞት የበዛበት ዓመት ነው። መዋጮውን ሳይነኩ ክፍያውን ብቻ ማሳደግ በስብሰባ ላይ ያስጨበጭባል፣ በሁለት ዓመት ግን እድሩን ያደርቃል። የእድር ገንዘብ ለእቁብ መሸፈኛ አይሰጥ፤ "ሰኞ እመልሳለሁ" ተብሎም ቢሆን።

ቀሪው ባንክ ተቀምጦ፣ የአንድ ሐዘን ክፍያ ያህል ሁልጊዜ በእጅ መኖር አለበት። ሙስሊም ቤት ጀናዛው ሳይውል ሳያድር ይወጣል፤ ሰውዬው ቅዳሜ ማታ ካረፉ ባንክ እስኪከፈት አይጠበቅም። ክርስቲያን ቤት ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ካለችው አዲስ አበባ ዘመድ እስኪደርስ ቀብሩ ሊቆይ ስለሚችል ድንኳኑ ቀድሞ ይተከላል። በዚህ ምክንያት ድብልቅ እድር አንዱ ለቀብሩ፣ ሌላው ለድንኳንና ለውኃ የሚሮጥ ሁለት ቡድን ቢይዝ ይጠቅመዋል። የጋራው ምግብ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቢሆን ሁሉም አብሮ ይበላዋል፤ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም። ሥጋ የገባበት ድስት ግን ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጥ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ስለዚህ እዚህ የእድር ንብረት ጠላት እርጥበት ነው። ሸራ ድንኳን እንደረጠበ ታጥፎ ግምጃ ቤት ከገባ በጥቂት ቀናት ይሻግታል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ክሩ ይላሽቅና በሚቀጥለው ነፋስ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ዝናቡ ካላባራ ሳያጥፉ ማገር ላይ መስቀል፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ሁለቱንም ፊት አድርቆ ማጠፍ ነው። ሲቀመጥም ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን ጣውላ ተደርድሮ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሁን።

ሲተከል ገመዱን ይዩ። የጥጥና የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ አመሻሽ ላይ ላላ ካልተደረገ ሌሊት ችካሉን ይነቅላል። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ሸራው ይረግብና ውኃ ያቁራል። ሁለቱን አንድ ድንኳን ላይ ከቀላቀሉ አንዱ ጎን ሲጠብቅ ሌላው ይላላና ምሰሶው ይጋደማል። በዳገቱ በኩል አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። ቀዩ አፈራችን ብዙ እግር ሲረግጠው ወዲያው ይጨቀያል፤ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሁለት ሦስት ጆንያ ሰጋቱራ አምጥቶ መግቢያው ላይ መበተን አዛውንቶችን ከመውደቅ ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጣት ነው። ከቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ከግማሽ ቀን ገቢው ካነሰ ከፍሎ መቅረቱን ይመርጣል። ያን ጊዜ ቃሬዛ የሚሸከሙትና መቃብር የሚቆፍሩት ያው የተለመዱት ሃያ ሰዎች ይሆናሉ፤ እነሱም አንድ ቀን ይደክማቸዋል። ቅጣቱን እናሳድገው ማለት ደግሞ የሚጎዳው የቀን ሠራተኛውን ነው፤ ነጋዴው ምንም አይሰማውም። የቀረ ሰው በገንዘብ ፈንታ በጉልበት ቢክስ ይሻላል፦ ቀብር ያመለጠው ድንኳን ይደር፣ ወይም ድንኳን ይንቀል፣ አግዳሚ ይመልስ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረውን ዳኛው ቤቱ ሄደው ያነጋግሩት፤ ታሞ ወይም ተቸግሮ ሊሆን ይችላል፣ እድርም ያለው ለዚሁ ነው።

ስም የሚጠራው ቀብሩ አብቅቶ ሰው ከመበተኑ በፊት ነው። መጀመሪያ ላይ ከተጠራ "አቤት" ያለው ሁሉ በአጥር ሥር ሹልክ ይላል። የሴቶቹ ሥራም እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ውኃ የቀዳችና እንጀራ ያመጣች ሴት ቀብር ላይ አልነበረችም ተብላ ስትቀጣ በየእድሩ ይታያል፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

ሰፈር የሚቀይሩ ከሆነ ዝም ብለው አይጥፉ። ውዝፍዎን ዘግተው ከጸሐፊው የመልቀቂያ ደብዳቤ ይውሰዱ፤ ሲያሳዩት የመቆያ ጊዜውን፣ ማለትም አዲስ አባል ክፍያ ለማግኘት የሚጠብቀውን ጊዜ፣ የሚያሳጥር እድር አለ። ከተማው ውስጥ ከሆኑ ግን፣ ለምሳሌ ከጅሬን ወደ ቦሳ ኪቶ ቢሄዱ፣ ነባሩን አይልቀቁ፤ ስልክ ቁጥርዎን ለጥሩንባ ነፊው ይስጡና በአዲሱም ሰፈር ይመዝገቡ።