ኢንፍሊክሲማብን ቢል ማድረግ በመጨረሻ እየገባኝ ነው

ሜዲካል ቢሊንግ (የሕክምና ክፍያን ከኢንሹራንስ የመጠየቅ ሥራ) ለምትማሩ ሁሉ፦ የበሽታ ኮዱን፣ የኢንሹራንስ ዓይነቱን፣ ፎርሙን እንደምንም አለፍኩት። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባዮሲሚላር መድኃኒቶች ላይ፣ ማለትም ከነባሩ ባዮሎጂካል መድኃኒት ጋር እጅግ የሚመሳሰሉት ላይ ስደርስ ነው ቀጥ ያልኩት። በዚህ ሳምንት ግን የልምምድ ክሌሞቹን (የክፍያ ጥያቄዎቹን) ማንንም ሳልጠይቅ ጨረስኩ፤ ጉራዬን ቻሉልኝ።

ያንገላታኝ ኢንፍሊክሲማብ ነው፤ ለሩማቶይድ አርትራይተስና ለክሮንስ በሽታ በደም ሥር የሚሰጠው። የነባሩ የሬሚኬድ የክፍያ ኮድ ጄ1745 ነው። ባዮሲሚላሮቹ ደግሞ ኢንፍሌክትራ ኪው5103፣ ሬንፍሌክሲስ ኪው5104፣ አቭሶላ ኪው5121። በፊት ኢንፍሌክትራና ሬንፍሌክሲስ አንድ ኮድ ይጋሩ ነበር፤ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ነው ለየብቻ የተሰጣቸው።

ጣጣው ሐኪሙ «ኢንፍሊክሲማብ 350 ሚሊግራም» ብሎ ብቻ ሲጽፍ ነው። የትኛው? በዚያ ላይ የሬሚኬድ አምራች ራሱ ያለ ንግድ ስም የሚሸጠው ኢንፍሊክሲማብ አለ። ሲያዩት ባዮሲሚላር ይመስላል፤ ኮዱ ግን ያው ጄ1745 ነው። ስለዚህ ማስታወሻውን ትቼ ነርሷ የመዘገበችውን የብልቃጡን ኤንዲሲ ቁጥር (የመድኃኒቱን መለያ ቁጥር) ነው የምፈልገው። እሱ አይዋሽም። ኮድ መሸምደድ ደግሞ ለእኔ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። በፍላሽ ካርድ የምታስተምሩ አትቀየሙኝ።

ቀጥሎ ዩኒቱ፣ ማለትም ክፍያው የሚቆጠርበት መለኪያ አለ። በአራቱም ኮዶች 10 ሚሊግራም አንድ ዩኒት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢታዘዝለት 350 ይሆናል፤ 35 ዩኒት ማለት ነው። ብልቃጡ 100 ስለሚይዝ አራት ይከፈታል። የሚጣለው 50 ሚሊግራም፣ 5 ዩኒት ሆኖ፣ በሌላ መስመር ጄደብሊው (የተጣለ መድኃኒት መኖሩን የሚያሳይ ምልክት) ተጨምሮበት ይገባል። ምንም ካልተጣለ ምልክቱ ጄዚ ነው፤ ለባለ አንድ ጊዜ ብልቃጥ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከጁላይ 2023 ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ይህን ለምዳችሁ ቶሲሊዙማብ ወደሚባለው ሌላ መድኃኒት ስትሻገሩ ተጠንቀቁ፤ እዚያ አንድ ዩኒት 1 ሚሊግራም ነው። እኔ ማንኛውንም ቁጥር ከመጻፌ በፊት የኮዱን መግለጫ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥበት ሰዓት ኮድ ግን አሁንም አልዋጥ ብሎኛል። የመጀመሪያው ሰዓት 96413፣ ተጨማሪው 96415፣ እሱም ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ካለፈ ብቻ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ መነሻና መድረሻው ደቂቃ ሲደበላለቅ ግን እስካሁን በጣቴ ነው የምቆጥረው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ወዲህ በሉ።