ጨቅላ ይዞ ድሬዳዋና ሐረር አልጋ መያዝ

ጨቅላ ይዤ ድሬ ወይም ሐረር አልጋ ስይዝ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና መስኮቱ ወዴት እንደዞረ ነው። አንሶላ ይቀየራል፣ መታጠቢያ ቤት ይጸዳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ግን በዚያ ሌሊት ምንም አይደረግም።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪን የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ቀኑን ከጥላ ጥላ እየተዘዋወሩ ማሳለፍ ይቻላል፣ ጣጣው ሲመሽ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ሶሌታ ሲጠጣው የዋለውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ነፋሱ ደስ እያለ፣ ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይፋጃል። ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በላዩ ሌላ ፎቅ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሆነ ክፍል እጠይቃለሁ። ምድር ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን የምግብ ቤቱ ጫጫታና የግቢው ትንኝ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የእጄን ጀርባ አልጋው ራስጌ ካለው ግድግዳ ላይ አሳርፋለሁ። ግድግዳው ከእጄ ከሞቀ ዕቃ ሳላወጣ ክፍል እቀይራለሁ።

ስልክ ደውሎ “ኤሲ አለ?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መልሱ ሁልጊዜ “አብሽሪ፣ አለ” ነው፣ እውነትም አለ። መጠየቅ ያለበት “መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ኤሲውን ያነሳል ወይስ አምፖል ብቻ?” ተብሎ ነው። ብዙው ጄነሬተር የሚችለው አምፖልና ፍሪጅ ነው። አምፖል ብቻ ካሉኝ መስኮቱ ወንፊት ያለው፣ በተቻለ መጠንም በሁለት አቅጣጫ የሚከፈት ክፍል እመርጣለሁ። ኤሲውን 25 ወይም 26 ላይ አደርገዋለሁ፤ ነፋሱ በቀጥታ ልጁ ላይ እንዳይመጣም አልጋውን አዞራለሁ። የልጅ እጅና እግር ቢቀዘቅዝም አያሳስብም። ሙቀቱን የሚነግረኝ ማጅራቱ ነው። ማጅራቱ ካላበው ልብስ እቀንሳለሁ። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ በዚህ ሙቀትም ቢሆን ውሃ አይሰጥም፤ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

መኝታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “የሕፃን አልጋ አለን” የሚሉት አንዳንዴ ተጨማሪ ፍራሽ ማለታቸው ስለሆነ ፎቶውን በቴሌግራም አስልካለሁ። የእንጨቶቹ ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የለስላሳ ጣሳ የሚያሳልፍ ከሆነ የልጁን ገላ አሳልፎ ጭንቅላቱን ይይዛል። ፍራሹና የአልጋው ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ያንን አልጋ አልቀበልም። የሕፃን አልጋ ከሌለ፣ የማይሰረጉድ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ አስመጥቼ ከግድግዳ አርቄ መሬት ላይ አነጥፋለሁ። ልጁን በጀርባው አስተኛዋለሁ፤ ትራስም ሆነ ፎጣ አጠገቡ አይኖርም። ትልቁን አልጋ ግድግዳ አስጠግቶ ልጁን በግድግዳው በኩል ማስተኛት ደኅና ይመስላል። ግን አልጋው ሌሊት ትንሽ ይሸሻል፤ በሚፈጠረው ስንጥቅ ልጁ ሊሰረጎድና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ትንኙ ደግሞ ሌሊት ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያስተኛትን ቺኩንጉንያ፣ እንዲሁም ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው። የወባዋ ትንኝ የምትመጣው ሲጨልም ሲሆን፣ ስቴፈንሲ የሚባለው ዓይነት ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ይራባል። ስለዚህ አጎበሩ ለቀን እንቅልፍም ይዘረጋል። ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይገባል፤ የልጁ ክንድ መረቡን ከነካ በመረቡ ቀዳዳ ስለሚነከስ ሰፋ ያለውን እመርጣለሁ። የማንጠልጠያው ገመድ ልጁ እጅ የማይደርስ ቦታ መሆን አለበት። ክፍል እንደገባሁ በረንዳውን አያለሁ፤ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለውን ሳህንና ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ የያዘውን ባልዲ እደፋለሁ። የሚለኮስ የትንኝ ጥቅል ዝግ ክፍል ውስጥ ከልጅ ጋር አይሆንም። የሚቀባ መከላከያ ዲት (DEET) የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ አይቀባም።

ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ ብናገር ይሻላል። የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። የሆቴሉን ማንቆርቆሪያ ክዳን ስትከፍቱ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ በጥፍር ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። በሽታ አይደለም፤ ግን ጡጦ ውስጥ ይገባል። ከኔ በፊት ማን ምን እንደቀቀለበትም አላውቅም። የራሴን ትንሽ ማንቆርቆሪያና ፔርሙዝ የምይዘው ለዚህ ነው። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ከሆነ የታሸገ ውሃም ቢሆን ይፈላል። ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ሳይቆይ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጠበጥበታል። እንዲህ ሲሆን ዱቄቱ ውስጥ ያለ ተህዋስ ይሞታል። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማብረድ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል። ልጁ ጠጥቶ የተረፈውም ወዲያው ይደፋል፣ ለኋላ አይባልም።

ማጠቡም የራሱ ዘዴ አለው። እዚህ ከተማ ቀዝቃዛው ቧንቧ የሚያቃጥልበት ሰዓት አለ! ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ሮቶ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ስለሚሞቅ፣ ቦይለሩ ሳይበራም ውሃው ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ሳላውቅ ነበር መጀመሪያ ልጅ ይዤ ቧንቧ ሥር የቆምኩት፤ ደግነቱ እጄን አስቀድሜ ነበር። አሁን ልጁን የማጥበው በጠዋት ነው። ሻወር ሥር አላቆየውም፤ ከቀፊራ ገበያ ሳፋና ጆግ ገዝቼ በሳፋ አጥባለሁ። መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ ትኩሱ ይጨመርና በክርን ይለካል፤ ክርን ላይ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ጩኸቱ በቀላሉ ይታለፋል፦ ሠርግ የሚደገስበት አዳራሽ፣ የጄነሬተሩ ቦታ፣ የባጃጅ መቆሚያ። ከሦስቱ ራቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ ግቢ የዞረ ክፍል ይበቃል።

ወደ ሐረር ሲወጣ ጥያቄው ይቀየራል። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ግን ደንገጎ የሚባለው ተራራ ላይ አቀበቱ ድንገት ስለሆነ የልጁ ጆሮ ይደፈናል። አቀበቱን ሲወጡ አልፎ አልፎ መኪናውን ዳር አስይዞ ማጥባት ነው፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች ፎቅና ፀሐይ ያን ያህል አያስጨንቁም። እዚያ የምጠይቀው ስለ ውሃ ማጠራቀሚያና ስለ ደረጃ ነው። ውሃ በፈረቃ ሊመጣ ስለሚችል ታንከር መኖሩን አረጋግጣለሁ።

ጀጎል ውስጥ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ማደር የምወደው ነገር ነው፤ ለልጅ ግን በዕድሜው ይወሰናል። ነደባ የሚባሉት መደቦች አንዱ ከአንዱ ከፍ እያሉ የተሠሩ ናቸው፤ ዳራቸው ላይ መከላከያ የለም። ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃም ቀጥ ያለ ነው። ገና የማይዳኽ ልጅ ከሆነ ቤቱ ይመቻል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሌሊቱን ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። መዳኽ ከጀመረ ግን የሚያድርበትን ፍራሽ ከነደባው አውርዳችሁ ታችኛው ወለል ላይ አንጥፉ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ጎድጓዳ ሳህኖችና ሙዳዮች እጁ የሚደርስባቸውን ባለቤቷን አስፈቅዳችሁ ከፍ አድርጉ፤ ቅር አይላቸውም፣ እነሱም እዚያው ልጅ አሳድገዋል። መፀዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሌሊት ዳይፐር የሚቀየርበትን ቦታ ቀን ላይ አዘጋጁ። ጀጎል ከ80 በላይ መስጊዶች አሉት፤ ንጋት ላይ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በዚያ ሰዓት የልጅ እንቅልፍ ቀላል ስለሆነ ሊነቃ ይችላል፣ እናም ቀድማችሁ ተኙ። ጋሪ አታምጡ፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ የሚለያዩት መንገዶች ጠባብና ድንጋይ ስለሆኑ አንቀልባ ነው የሚያዋጣው።

የትም ይሁን የት መጀመሪያ የምከፍለው የአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ልጁ ያንን ሌሊት እንዴት እንዳደረ አይቼ፣ ጠዋት የቀሩትን ቀናት እጨምራለሁ ወይም ሻንጣዬን አነሳለሁ።