ለተማሪዎች መዘምራን ከበድ ያለ ሥራ የመረጥኩበት መንገድ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መዘምራን ዝግጅት ስመርጥ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ከባዱን ማብዛት ነበር። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ባለ አራት ድምፅ ሥራ ያዝኩ፤ በስምንተኛው ሳምንት ከሦስቱ አንዱም አልቆመም። አሁን የምይዘው አምስት ሥራ ነው፦ አንዱ ከአቅማቸው በላይ፣ ሁለቱ በሁለት ድምፅ፣ ሁለቱ በአንድ ድምፅ የሚዘመሩ የአማርኛ ዜማዎች። ያ አንዱ ግን የምር ከባድ መሆን አለበት። ልጆቹ ዝቅ አድርገን እንደገመትናቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ከልምምድ መቅረትም የሚጀምረው ያኔ ነው።

የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1791 የተጻፈውን የሞዛርትን «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» ነው፤ በላቲን የሚዘመር ባለ አራት ድምፅ መዝሙር። ርዝመቱ 46 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም ዝግ ያለ በመሆኑ እያንዳንዱን ኖታ ሰምቶ ለማረም ጊዜ ይሰጣል። የሄንደል «ሃሌሉያ» ይበልጥ ቢታወቅም ሶፕራኖዎቹን (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩትን) እስከ ላይኛው ላ ስለሚያወጣቸው በዚያ ዕድሜ ወደ ጩኸት ይሄዳል፤ ስለዚህ አቆየሁት።

ከመወሰኔ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ በኪቦርድ ለክቼ ጻፍኩ። ከሁለቱም ጫፍ አንድ ሙሉ ድምፅ (ከዶ እስከ ሬ ያለውን ያህል ርቀት) እቀንሳለሁ፤ አንዴ የደረሱበት ኖታ ደጋግመው የሚዘምሩት ኖታ አይደለምና። ድምፃቸው በመጎርነን ላይ ያሉትን ወንዶች በየስድስት ሳምንቱ እንደገና እለካለሁ። ሳይለኩ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ውስጥ የቀሩት ጉሮሯቸውን አስጨንቀው ነው የሚዘምሩት፤ የሁሉንም ድምፅ ይዘው ይወርዳሉ።

ጊዜው 14 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 50 ደቂቃ ነው፦ 10 ማሟሟቂያ፣ 20 ለከባዱ፣ 15 ለሌሎቹ፣ የቀረው 5 ያለማቋረጥ ለመዘመር። የጀመርኩት ከመጨረሻው ገጽ ነው። እዚያ ሴቶቹ ቀድመው ሲገቡ ወንዶቹ ይከተሏቸዋል፤ ወንዶቹ ግን የሴቶቹን ቃል ሲሰሙ አብረው ይሳቡና መግቢያቸውን ያልፉታል። መድኃኒቱ መግቢያውን ማስቆጠር ሳይሆን ትንፋሽ በሚወስዱበት ምት ላይ በእርሳስ ምልክት ማስደረግ ነው።

ብዙ የደከምኩበት የመጀመሪያው ሐረግ ነው። ሶፕራኖዎቹ ከላ ወደ ሶል ሻርፕ፣ ከዚያ ወደ ሶል በግማሽ በግማሽ ድምፅ (ከፋ ወደ ሚ እንዳለው ጠባብ እርምጃ) ይወርዳሉ። የመጀመሪያዋን ግማሽ ድምፅ አስፍተው ስለሚወርዱ ሁለተኛዋ ቦታ ታጣለች። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሄደው የትዝታ ቅኝት ለዚህ አይረዳም፤ ግማሽ ድምፅ የለውም። ባቲ ውስጥ ግን ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ማሟሟቂያውን በባቲ አደረግሁት፤ ከፋ ወደ ሚ፣ ከዶ ወደ ሲ ቀስ ብለው እንዲወርዱና በየእርምጃው ከኪቦርዱ ጋር እንዲያመሳክሩ። በጆሯቸው ባለ ቅኝት ስለጀመሩ በሦስት ሳምንት ተስተካከለ።

ላቲኑን በፊደላችን ጻፍኩላቸው። «ኢሞላቱም» ላይ ሞ ይጠብቃል፤ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ከነገርኳቸው በኋላ አልተቸገሩም። «ክሩቼ» ግን አስቸገረ፦ ክ ስትጻፍ ሲያዩ «ኪ-ሩ-ቼ» ብለው ሦስት ያደርጓታል። ክ እና ሩን በአንድ ቅስት አያይዤ ስጽፈው ቀረ። የማጥበቁን ነገር ወደ አማርኛ ዜማዎቹም ወሰድኩት። «እናት» ሲባል የጠበቀው ነ ዜማ ይሸከማል፤ «አባት» ላይ ግን የጠበቀው በ ከንፈር ይዘጋል፤ ሁሉም እኩል ካልዘጉ ቃሉ ይንኮሻኮሻል።

በቤት እንዲለማመዱ የየድምፁን ዜማ በስልክ ቀድቼ ልኬያለሁ፤ በኪቦርድ ብቻ። ዘማሪ ያለበት ቅጂ ከላክሁ የዚያን ሰው ድምፅ ይቀዳሉ።

የምጠብቀውን ደረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ በአሥረኛው ሳምንት ከየድምፁ ሁለት ሁለት ልጅ፣ ስምንት ሆነው፣ ያለ ኪቦርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘምራሉ፤ ሲጨርሱ ኪቦርዱ ይነካል፤ ድምፃቸው ከመነሻው የወረደው ከግማሽ ድምፅ መብለጥ የለበትም። ካለፉ ያለ መሣሪያ ይቀርባል። ካላለፉ በኪቦርድ ይታጀባል፤ ሞዛርት ራሱ ሲጽፈው ባለ አውታር መሣሪያዎችና ኦርጋን ስላስገባበት ሥራው አይጓደልም።